በደረት ላይ የተሰካ አደራ
የጦርነት ዘመን ብሮሾችና ሰብሳቢዎቻቸው



ጌጥ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን ወርቅ ነው። በስደት የምንኖር እኅቶች ወርቅ የምንገዛው ለማጌጥ ብቻ አይደለም። የወራት ደመወዝ ተጠራቅሞ ቀለበት ወይም ሐብል ሆኖ አገር ይገባል፤ ችግር በመጣ ቀን ደግሞ ተመዝኖ ይሸጣል። ወርቅ የሚለካው በግራም ነው። ማን እንደ ሰጠው፣ ለማን እንደ ተሰጠ ሚዛኑ አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ወርቅ ያልሆነውን ጌጥ ከወርቅ ባልተናነሰ ጥንቃቄ የሚፈልጉና የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ከቆርቆሮ፣ ከብርጭቆ፣ ከእንጨት፣ ከዛጎል የተሠራ፣ እኛ በተለምዶ «አርቴፊሻል» የምንለው ጌጥ ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከ1939 እስከ 1945፣ የተሠሩት ብሮሾች የተለየ ቦታ አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሮሽ ከጀርባው መርፌ ያለው፣ በደረት ወይም በኮት አንገት ላይ የሚሰካ ጌጥ ነው። እኛ ነጠላችን እንዳይወርድ በመርፌ ቁልፍ እንደምንይዘው፣ ብሮሽም በጥንት ዘመን ዋና ሥራው ልብስ መያዝ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ግን ከልብስ ይልቅ ሰውን ከሰው ጋር መያዣ ሆነ። ታዲያ ተመዝኖ ብዙ የማያወጣ ነገር ከ80 ዓመት በኋላ ለምን ይፈለጋል?

ጦርነቱ ብረቱን ሲወስድ

ጦርነት ከሰው ሕይወት ሌላ ብረትም ይበላል። የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው አንድ ነገር አለ። ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ስለ ጣለባት፣ ሙሶሊኒ ሕዝቡ ወርቁን ለመንግሥት እንዲሰጥ ጠየቀ። ታኅሣሥ 18 ቀን 1935 በሮም ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ሰጠች፤ እጅግ ብዙ ሴቶችም ተከተሏት። በወርቁ ፋንታ የተሰጣቸው የብረት ቀለበት ነበር። ያ የብረት ቀለበት ዛሬ ከዘመኑ መታሰቢያዎች አንዱ ነው። በግራም ቢመዘን ዋጋ የለውም፤ የአንድን ሕዝብ ወርቅ በአንዲት ድሃ አገር ላይ ለተከፈተ ወረራ እንዴት እንደ ሰበሰቡት ግን ይመሰክራል።

ወደ ብሮሾቹ እንመለስ። በአሜሪካ የአርቴፊሻል ጌጥ ሥራ ማዕከል በሮድ አይላንድ ግዛት የምትገኘው የፕሮቪደንስ ከተማ ነበረች። ኮሮን የመሰሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች እዚያ ይሠሩ ነበር። ሌላው ስመ ጥር ድርጅት ትሪፋሪ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከኢጣሊያዋ የኔፕልስ ከተማ ወደ ኒው ዮርክ ከተሰደደው ከጉስታቮ ትሪፋሪ ነው። የጌጦቹ አካል በአብዛኛው ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል የሚቀልጥ ርካሽ ብረት ነበር፤ ላዩ በወርቅ ወይም በሌላ ቅብ ይሸፈናል፤ ፈርጡም ብርጭቆ ነው። ጥሩው የብርጭቆ ፈርጥ የሚመጣው ከኦስትሪያና በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ከምትገኘው ከያብሎኔጽ፣ በጀርመንኛ ስሟ ከጋብሎንዝ፣ ነበር።

ጦርነቱ ይህን ሁሉ አቋረጠ። የአውሮፓ ፈርጥ መምጣቱ ቀረ። በ1942 ጃፓን የማላያን ምድር ስትይዝ የቆርቆሮው ምንጭ ደረቀ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለው ብረት ለጦርነት ባልሆነ ሥራ ላይ እንዳይውል ገደብ አደረገ። ጌጥ ሠሪዎቹ ምን ያድርጉ? ያልተከለከለውን ብር አነሡ። በዚህም የተነሣ «አርቴፊሻል» የተባለው ጌጥ በጦርነቱ መካከል ከመቶ 92.5 እጁ እውነተኛ ብር ሆነ፤ በላዩ ላይ የወርቅ ቅብ ተደረገበት። በጀርባው «ስተርሊንግ» የሚል ማኅተም ያለበትን የ1940ዎቹ ብሮሽ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ወደ ርካሹ ብረት ተመለሱ።

ብር ውድ ስለ ሆነባቸው ሌላም ዘዴ ፈለጉ። ሚሪያም ሃስኬል የተባለችው የኒው ዮርክ ጌጥ ነጋዴ ቤት እንጨት፣ ዛጎል፣ ፕላስቲክና ዶቃ ተጠቀመ። ለጦር አውሮፕላን መስኮት ይሠራበት የነበረው እንደ ብርጭቆ የጠራ ፕላስቲክም ጌጥ ሆነ። በብሪታንያ ፐርስፔክስ፣ በአሜሪካ ፕሌክሲግላስና ሉሳይት ይባላል። የትሪፋሪና የሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኞች ሆዳቸው ከዚህ የጠራ ፕላስቲክ የሆነ የወፍ፣ የዓሣና የእንቁራሪት ብሮሾች ሠሩ። የብሪታንያ ወታደሮችና የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኞች በበኩላቸው የተረፈውን ቁራጭ በሞረድ እያለሰለሱ ልብና መስቀል ያወጡለት ነበር። ቦምብ ሊጥል ከተሠራ አውሮፕላን የተረፈው ቁራጭ ለእናት ወይም ለእጮኛ ስጦታ ሆነ ማለት ነው።

ለሚጠብቁት የተላከ

ከጦርነቱ ዘመን ብሮሾች መካከል በጣም የሚያሳዝኑትም የሚያጽናኑትም ወታደሮች ለእናቶቻቸው፣ ለሚስቶቻቸውና ለእጮኞቻቸው የላኳቸው ናቸው። በብሪታንያ ይህ ልማድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። አንድ ወታደር የክፍለ ጦሩን ምልክት በትንሹ አሠርቶ ይልካል። የአየር ኃይል ባልደረባ ከሆነ ሁለት ክንፍ ይልካል። እናቲቱ ወይም ሚስቲቱ በደረቷ ሰክታው ስትወጣ ያያት ሰው ሁሉ «የእርሷም ሰው እዚያ ነው» ይላል፤ ሳትናገር ተናገረች ማለት ነው።

አሁን እኛ በምንኖርበት በመካከለኛው ምሥራቅም እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግብፅና በፍልስጥኤም የሰፈሩ የብሪታንያና የአውስትራሊያ ወታደሮች ከዛጎል የተቀረጹ ብሮሾችን እየገዙ ወደ ቤታቸው ይልኩ ነበር። ዛጎል መቅረጽ የቤተ ልሔም ክርስቲያኖች የቆየ ሙያ ነው። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው የተመለሱ ምእመናን የሚያመጡትን የዛጎል መስቀል ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።

በአሜሪካ ደግሞ ልጇ የዘመተባት እናት ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ምልክት ታደርግ ነበር። ይህ በ1917 የተጀመረ ልማድ ነው። አንድ ኮከብ ለአንድ ልጅ ነው፤ ሦስት ልጆች የዘመቱባት ሦስት ኮከብ ታደርጋለች። ልጁ የሞተ እንደ ሆነ ሰማያዊው ኮከብ በወርቃማ ይተካል። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት ለሟች ቤተሰቦች የሚሰጥ ባለ ወርቃማ ኮከብ የደረት ምልክት በሕግ ደነገገ። ወርቃማ መሆኑ እንግዲህ የሀብት ምልክት አይደለም፤ የኀዘን ነው።

«ቪ» የሚለው ፊደል ያለባቸው ብሮሾችም ብዙ ናቸው። በ1941 ከለንደን በቢቢሲ የሚናገር ቪክቶር ደ ላቨሌ የተባለ የቤልጂግ ሰው፣ በጀርመን ቁጥጥር ሥር ያሉ ወገኖቹ የድል ምልክት የሆነውን ይህን ፊደል በየግድግዳው እንዲጽፉ አሳሰበ። ፊደሉ በቴሌግራፍ ሦስት ነጥብና አንድ ሰረዝ ስለ ሆነ፣ ይህ ምልክት ከሥሩ የተቀረጸበት ብሮሽም ይገኛል።

ለእኛ ለክርስቲያኖች ከሁሉ የሚቀርበን ግን «ምጽጳ» የሚል ቃል የተጻፈበት ብሮሽ ነው። በብሪታንያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጣም የተለመደ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በሚለያዩ ሰዎች መካከል እንደገና ተፈላጊ ሆነ። ቃሉ የተወሰደው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው (ዘፍ. 31፥49)። ያዕቆብና ላባ ሲለያዩ ድንጋይ ከምረው የቦታውን ስም እንዲህ ብለው ጠሩት፤ መጠበቂያ ግንብ ማለት ነው። እኛ ተለያይተን አንዳችን ሌላውን ማየት በማንችልበት ጊዜ እግዚአብሔር ሁለታችንንም ይመልከት የሚል ሐሳብ አለበት። ታሪኩን ስናነበው ላባና ያዕቆብ የማይተማመኑ ሰዎች እንደ ነበሩ እንረዳለን፤ የተከመረው ድንጋይም የቃል ኪዳን ምስክር ነበር። የሚዋደዱ ሰዎች ግን ቃሉን ወስደው የናፍቆት ጸሎት አደረጉት። ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች እኅት ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም።

ከሽቦ አጥር ውስጥ የወጡ ወፎች

የዚያ ዘመን ብሮሾች ሁሉ በፋብሪካ አልተሠሩም። ጃፓን በታኅሣሥ 1941 አሜሪካን ከመታች በኋላ፣ የካቲት 19 ቀን 1942 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሠረት ወደ 120,000 የሚጠጉ ጃፓናዊ ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው በየበረሃው በሽቦ አጥር ተከልለው እንዲኖሩ ተደረገ። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ይዘው መሄድ የቻሉት በእጃቸው የሚሸከሙትን ብቻ ነበር።

በካሊፎርኒያ የቱሊ ሌክ ሰፈርና በዩታ የቶፓዝ ሰፈር የተሠሩት ጥንት ሐይቅ በነበረ ምድር ላይ ነው። ሴቶቹ አፈሩን እየቆፈሩ ጥቃቅን ዛጎል ለቀሙ፤ አጥበው፣ በመጠን ለይተው፣ ቀለም ቀብተው በሙጫ እያያዙ የአበባ ብሮሽ ሠሩ። ሌሎች ከዕቃ ሣጥን የተረፈ እንጨት በቢላ እየቀረጹ ትናንሽ ወፎች አወጡ። ቀለሙን ከመጽሔት ሥዕል እያዩ ቀቡት። ለወፉ እግር የሚሆን ቀጭን ሽቦ ከየት ይገኛል? በመስኮት ላይ የትንኝ መከላከያ ወንፊት ሲገጠም ተቆርጦ ከሚወድቀው ቁራጭ ወሰዱ።

ጃፓናውያን «ጋማን» የሚሉት ቃል አላቸው። የማይቻለውን ነገር ክብርን ሳይጥሉ በትዕግሥት መቻል ማለት ነው። እነዚያን ትናንሽ ወፎች የሚገልጻቸው ይህ ቃል ነው። በ1988 የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲሰጥ ወሰነ።

የሰብሳቢነት ትልቁ ፈተና የታየውም በእነዚህ ሰፈሮች ዕቃዎች ላይ ነው። አለን ኢተን የተባለ የእጅ ሥራ ተመራማሪ በሰፈሮቹ የተሠሩ ሥዕሎችን፣ ከእንጨት የተቀረጹ የስም ሰሌዳዎችንና ሌሎች ዕቃዎችን ሰብስቦ በ1952 መጽሐፍ አሳተመ። ባለቤቶቹ ዕቃዎቹን የሰጡት ለሕዝብ እንዲታዩላቸው እንጂ እንዲሸጡ አልነበረም። ከእርሱ ሞት በኋላ ግን ዕቃዎቹ እጅ ቀየሩ፤ በ2015 ወደ 450 የሚሆኑት በኒው ጀርዚ ለጨረታ ቀረቡ። የሠሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች «ይህ የወላጆቻችን መከራ ነው፤ ለገበያ አይቀርብም» ብለው ተነሡ። ጨረታው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት ቆመ፤ ዕቃዎቹም በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የጃፓናውያን አሜሪካውያን ብሔራዊ ሙዚየም ገቡ።

በእኛ ቋንቋ ይህ አንድ ቃል አለው፤ አደራ ይባላል። አደራ ሲሰጥ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ባለቤትነቱ ግን አይተላለፍም። ስለዚህ መልካም ሰብሳቢ ራሱን እንደ ባለ አደራ ይቈጥራል። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የማን እንደ ነበረ፣ ከየት እንደ መጣ ጽፎ ያኖራል። ስሙና ታሪኩ የጠፋ ብሮሽ ወደ ብርጭቆና ቆርቆሮ ይመለሳል።

እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት

ብሮሽ ተፈላጊ ሲሆን አስመሳዩም በዛ። በአሮጌ ዕቃ ገበያ የጦርነት ዘመን ነው የተባለ ብሮሽ የሚያጋጥማት እኅት የሚከተሉትን ብታስተውል ይጠቅማታል።

በመጀመሪያ ጀርባውን ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። ሰብሳቢዎች ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያምናሉ። ከትሪፋሪ ስም አጠገብ በክብ ውስጥ ያለ የ«ሲ» ፊደል፣ ማለትም የቅጂ መብት ምልክት፣ ካለበት የጦርነት ዘመን አይደለም። የጌጥ ንድፍ በአሜሪካ ይህን መብት ያገኘው ትሪፋሪ በ1955 በፍርድ ቤት ከረታ ወዲህ ነውና።

ሁለተኛ፣ ፈርጡ እንደ ቀስተ ደመና ብዙ ቀለም የሚያንጸባርቅ ከሆነ ይህ ዓይነቱ ቅብ የመጣው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሦስተኛ፣ «ስተርሊንግ» የሚለው ማኅተም ብቻውን አያስተማምንም፤ አስመሳዮችም ይመቱታል። የደበዘዘ ቅርጽ፣ ያልተስተካከለ ጠርዝ፣ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ መርፌ ካለበት መጠራጠር ይገባል። አራተኛ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው የሚተርከው ታሪክ ሲበዛና ማስረጃው ሲያንስ ገንዘብን በኪስ ማቈየት ይሻላል። ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ለዚህ የሚውል አይደለም። የተሻለው ስብስብ ብዙ ጊዜ በትንሽ ዋጋ፣ በብዙ ትዕግሥት የተገኘ ነው።

በምንሠራበት ቤት ሲያጋጥመን

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ጌጥ የምናየው በገበያ ሳይሆን በማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። በዕድሜ የገፉ እናቶች ከእናቶቻቸው የወረሱትን ብሮሽ ያስቀምጣሉ። አጽጂው ስንባል በቅን ልቡና ውኃ ውስጥ መንከር ከባድ ጉዳት ያመጣል። የብርጭቆው ፈርጥ ከጀርባው እንደ መስታወት የሚያበራ ስስ ሽፋን አለው፤ ውኃ ሲገባበት ይጠቁርና አይመለስም። ስለዚህ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ፣ ካስፈለገም በጥጥ ጫፍ ትንሽ እርጥበት ነክቶ ወዲያው ማድረቅ፣ ከዚያም ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ማቈየት ይበቃል። ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የመስታወት ማጽጃ አይነካውም። የወርቅ ቅብ ያለበት ብር በብር ማጽጃ ውስጥ ከተነከረ ቅቡ ሊለቅ ይችላል። የጠራው ፕላስቲክ ደግሞ አልኮል ሲነካው ይሰነጣጠቃል። አረንጓዴ ዝገት የያዘው ካለ ከሌሎቹ ለይቶ፣ እያንዳንዱን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ማኖር መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ማዳም «ውሰጂው፣ ለአንቺ ይሁን» ብትል ስጦታውን ደስ ብሎን ከመቀበላችን በፊት ሌላ የቤቱ ሰው እንዲያውቀው እናድርግ። ቢቻል በሁለት መስመር ወረቀት አጽፈን እናስፈርም፤ ካልሆነም በስልክ መልእክት «ስለ ሰጡኝ ብሮሽ አመሰግናለሁ» ብለን ብንልክ መልሷ ማስረጃ ይሆነናል። ዓመታት አልፈው፣ ሰጪዋ ታማ ወይም አርፋ፣ ልጆቿ «የእናታችን ጌጥ የት ገባ?» የሚሉበት ቀን ሊመጣ ይችላል። በቈሻሻ መጣያ የተገኘ ጌጥ ቢሆንም ሳይጠየቅ አይወሰድም። በሰው አገር ያለ ሰው ንጽሕናውን በልቡ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም መያዝ አለበት።

እኛስ ምን እንያዝ?

ቤተ ክርስቲያናችን በአንገታችን ያሰረችልን ማዕተብ ክር ነው። ማንም አይመዝነውም፤ ማንነታችንን ግን ይናገራል። የምጽጳ ብሮሽ፣ የእናቲቱ ሰማያዊ ኮከብ፣ የእንጨቷ ወፍ በየፊናቸው እንዲሁ የባለቤታቸውን ነገር ሲናገሩ ኖሩ። ሰብሳቢዎቹ የሚከፍሉት ለዚህ ንግግር ነው።

እያንዳንዳችን በሻንጣችን ከቤት የመጣ አንድ ነገር አናጣም፤ የእናት መሐረብ፣ የልጅ ፎቶግራፍ፣ ከአጥቢያችን የተሰጠን መስቀል። በትንሽ ወረቀት ላይ ማን እንደ ሰጠን፣ በየትኛው ቀንና በምን ምክንያት እንደ ሰጠን ጽፈን አብረን እናስቀምጥ። ነገ ለልጆቻችን የምናስረክበው ወርቅ ተመዝኖ ያልቃል፤ በስም የተጻፈው ግን ይነበባል። በመካከላችን ያለውን ርቀት የሚመለከት አምላክ እኛንም በአገር ቤት ያሉትንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።